ቁልፉ ቢፈታም ቅራኔው አልተፈታም

በአገራችን የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ለረጅም ዘመን በአንድ ድርጅት እጅ ብቻ ተይዞ መቆየቱ ይታወቃል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ከተቋቋመ፣ በሳፋሪኮም የሚመራው የኩባንያዎች ጥምረትም በ2013 ዓ.ም. በ850 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ፈቃድ አግኝቶ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን በይፋ ከጀመረ ወዲህ፣ ሰፊው ተጠቃሚ ቢያንስ በመርሕ ደረጃ የመምረጥ ዕድል አግኝቷል። ይሁን እንጂ በመምረጥ መብትና በምርጫው በተጨባጭ በመጠቀም መካከል ያለው ቅራኔ ገና አልተፈታም።

ለዚህ አንዱ መገለጫ፣ ከውጭ አገር ዘመድ የተላከ ስልክ ቁልፉ ተፈትቶ የአገር ውስጥ ሲም ካርድ ከገባበት በኋላ ዳታው እየተጎተተ ባለቤቱን ማስመረሩ ነው። በእንጅባራና በዳንግላ ገበያዎች ስለ ድንችና ስለ ከሰል ዋጋ ከአዲስ አበባ ጋር በስልክ ለሚነጋገር ሰው ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም።

በመጀመሪያ ቁልፉ ራሱ ከየት እንደመጣ ማየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ ኩባንያዎች ስልክን በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ይሸጡና ደንበኛው ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድ ይቆልፉታል። እ.ኤ.አ. በ2013 ያለ ኩባንያው ፈቃድ አዲስ ስልክ ማስከፈት እስከ ሕግ መተላለፍ ደርሶ ነበር፤ ከሕዝብ ተቃውሞ በኋላ በነሐሴ 2014 በወጣ ሕግ ተፈቀደ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ብሪታንያ በ2021 የተቆለፈ ስልክ መሸጥን ጨርሰው ከልክለዋል። ስለዚህ ቁልፉ የቴክኒክ ግዴታ ሳይሆን የገበያ ሰንሰለት ነው።

ነገር ግን ሰንሰለቱ መበጠሱ ብቻውን ስልኩን አይለውጠውም። የሚፈታው በሶፍትዌር የተጻፈው ክልከላ ሲሆን፣ የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበለው የውስጥ ክፍል ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ይኖራል። በሰሜን አሜሪካ የሁለተኛውና የሦስተኛው ትውልድ መረብ በዋናነት በ850 እና በ1900 ሜጋኸርዝ ላይ ሲዘረጋ፣ በአፍሪካ፣ በአውሮፓና በአብዛኛው እስያ 900፣ 1800 እና 2100 ሜጋኸርዝ ሥራ ላይ ውለዋል። የአራተኛው ትውልድ ሞገዶችም እንደየአገሩ ይለያያሉ። ውድ የሆኑት አዳዲስ ስልኮች ሁሉንም ሊሸከሙ ይችላሉ፤ ሠራተኛው እጅ የሚገባው ያረጀ ወይም ርካሽ ስልክ ግን ብዙውን ጊዜ አይችልም። በአካባቢው ያለውን የአራተኛ ትውልድ ሞገድ ማንሳት ያልቻለ ስልክ ወደ ሦስተኛው፣ ከዚያም ወደ ሁለተኛው ይወርዳል። ድምፅ ስለሚያስተላልፍ ጤነኛ ይመስላል።

እዚህ ላይ ስሌት እንሥራ። 5 ሜጋባይት የሚመዝን ፎቶግራፍ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያስተላልፍ መረብ 4 ሰከንድ ይፈጅበታል፤ በሰከንድ 100 ኪሎቢት ብቻ በሚያሳልፍ የሁለተኛ ትውልድ መረብ ግን 400 ሰከንድ፣ ማለትም ወደ 7 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በዚሁ ፍጥነት የ1 ጊጋባይት የቀን ጥቅል ጨርሶ ለመጠቀም ከ22 ሰዓት በላይ ያለ ማቋረጥ ማውረድ ይጠይቃል። ለሙሉው ከፍሎ ሩቡን እንኳ ሳይጠቀም ጊዜው ያለፈበት ሰው የከፈለው ለምን እንደሆነ መጠየቅ መብቱ ነው!

በሌላ በኩል ከስልኩ አሠራር ጋር የተያያዙ፣ ወጪ የማይጠይቁ ምክንያቶችም አሉ። ሁለት ሲም ከሚይዙት ርካሽና ቆየት ያሉ ስልኮች ብዙዎቹ ፈጣኑን መረብ የሚቀበሉት በአንደኛው ማስገቢያ ብቻ ነው፤ አዲሱን ኩባንያ ለመሞከር የተገዛው ሲም በሁለተኛው ይገባና ጥፋቱ ሁሉ በኩባንያው ላይ ይለጠፋል። ለአራተኛው ትውልድ ያልተዘጋጀ የቆየ ሲም ካርድ፣ ወይም በስልኩ ውስጥ በሦስተኛ ትውልድ ላይ ተወስኖ የቀረ ምርጫም ያንኑ ውጤት ያስከትላል።

ከዚህ በላይ ግን ሁሉንም ነገር በተጠቃሚው ስልክ ላይ መደፍደፍ ሌላው ስሕተት ነው። ማሰራጫ ጣቢያ በአካባቢው ላሉ ሁሉ የጋራ ሀብት ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል በእንጅባራ ሲከበርና የተሰበሰበው ሕዝብ ፈረሶቹን በአንድ ሰዓት ሲቀርጽና ሲልክ፣ የትኛውም ስልክ ቢሆን ድርሻው ይቀንሳል። በአዊ ከፍታና ሸለቆ መካከል ደግሞ ከዋናው የባሕር ዳር መንገድ ርቆ ለሚኖር ገበሬ የጣቢያው ርቀት ወሳኝ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ የተፈታም ሆነ የተቆለፈ ስልክ ልዩነት እንዳልነበረው አንባቢ አይዘነጋውም።

እንግዲህ የቀበሌ ማኅበራት አባላትና ሠራተኞች ጉዳዩን በሐሜት ሳይሆን በማስረጃ ሊይዙት ይገባል። ስልክ ሲገዛ የሞዴሉ ቁጥር ተጠይቆ የሚቀበላቸው ሞገዶች ይመርመሩ፤ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሲሙ እዚያው ሱቅ ገብቶ በስክሪኑ አናት የሚታየው ምልክት ይታይ። ዳታው የዘገየ እንደሆነ ያው ሲም በጎረቤት ስልክ፣ የጎረቤትም ሲም በራስ ስልክ ይሞከር። ሲሙ በጎረቤት ስልክ ከፈጠነ ጉድለቱ የመሣሪያው ነው። በአንድ ሠፈር በተለያዩ ስልኮች ሁሉ የዘገየ እንደሆነ ግን ቦታው፣ ቀኑና ሰዓቱ ተመዝግቦ በማኅበሩ ስም ለኩባንያው፣ መልስ ካልተገኘም የአገልግሎት ጥራትንና የተጠቃሚን መብት እንዲጠብቅ ለተቋቋመው ባለሥልጣን ይቅረብ። የ30 አባወራ ፊርማ ያለበት እንዲህ ያለ መዝገብ የአንድ ሰው እሮሮ ነው ተብሎ ሊመለስ አይችልም።