ፊቱ የማይታየው ሰውዬ

አነስ ያለ የግል ኮሌጅ ደጃፍ ላይ «የሳይበር ደህንነት ምዝገባ ተጀምሯል» የሚል ባነር ካያችሁ፣ ሥዕሉን ለመገመት አትቸገሩም። ኮፍያ ባለው ሹራብ የተጀቦነ፣ ፊቱ የማይታይ ሰውዬ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅሯል፤ ከኋላው አረንጓዴ ቁጥሮች ይዘንባሉ። በብዙ ቦታ ትምህርቱም ከባነሩ አይርቅም። ተማሪው ካሊ ሊኑክስ የተባለውን የሰርጎ መግቢያ መሣሪያዎች ስብስብ ይጭናል፣ የጎረቤት ዋይፋይ ለመስበር ይሞክራል፣ ሰርተፍኬቱን ይዞ ይወጣል። ያለፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል መሆኑን የሚነግረው ካገኘ ዕድለኛ ነው።

ኮሌጆቹ ስለ ትምህርቱ ጥራት ሲጠየቁ መልሱ አንድ ነው፤ «ትንሽ ኮሌጅ ነን፣ ላብራቶሪ የለንም።» እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ከሰውዬው ላይ ነው። ደህንነት ማለት ከውጭ የሚመጣን ረቂቅ ጠላት መግጠም ነው የሚለው እምነት ትምህርቱን ከሥሩ አጣሞታል።

መጋቢት 2016ን እናስታውስ። አርብ ለቅዳሜ ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ግቢ ለግቢ ሮጠ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ ያለአግባብ መወሰዱን ኋላ ላይ አስታወቀ። የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረና ችግሩ ከራሱ የሲስተም ሥራ ጋር እንደሚያያዝም ተናገረ። ባለ ኮፍያው ሰውዬ በቦታው አልነበረም።

ታዲያ ከዚያ ሌሊት የሚወጣው ትምህርት ምንድን ነው? የሲስተም ማሻሻያ ከመጫኑ በፊት ማን ይሞክረዋል? ማን ይፈቅዳል? ቢበላሽ ወደ ነበረበት የሚመለሰው እንዴት ነው? እኩለ ሌሊት ላይ ያልተለመደ ነገር ሲታይ የማን ስልክ ይጮኻል? እነዚህን ለማስተማር የሚያስፈልገው ጠመኔና የሚከራከር ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ፋይል እየቆለፈ ቤዛ ሲጠይቅና የእንግሊዝ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሲሰርዙ፣ ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር። ያልጫነው ተመታ። ሳልትዘርና ሽሮደር የተባሉ ምሁራንም ማንም ሰው ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን አይሰጠው ብለው የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። ይህን ለመረዳት የትኛው ውድ መሣሪያ ያስፈልጋል?

«ማጥቃትን ያላወቀ መከላከልን ከየት ያመጣል?» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ መስበር መማር አይጠላም። ነገር ግን ተመራቂው የሚቀጠረው የቁጠባ ማኅበር፣ ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። እዚያ የሚጠብቀው ሌባ ኮድ አይጽፍም። ስልክ ይደውላል፤ በለሰለሰ ድምፅ «እናቴ፣ አሁን የደረሰዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። ለዚህ ካሊ ሊኑክስ መድኃኒት የለውም።

ባለፈው አንድ ኮሌጅ ሄጄ ነበር። በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን እስከ ታች በረበረው። ሦስተኛ ፎቅ ስደርስ የሬጅስትራሩ ኮምፒውተር ተከፍቶ ቆሟል፤ የይለፍ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ስክሪኑ ላይ ተለጥፏል። ሦስት ሠራተኞች በአንድ ስም ይገባሉ፤ የተማሪ ውጤት የሚሞላውም በዚያው ነው። «ላብራቶሪ የለንም» የተባልኩት እዚያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው።

ላብራቶሪውማ ይኸው! ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ተማሪውን ወደ ሬጅስትራሩ ለማስጠጋት በስንት ቢሮ ያዞረዋል፤ ትንሹ ኮሌጅ ግን ደረጃ ወጥቶ ማንኳኳት ይበቃዋል። የመመረቂያ ፈተናውም አንድ ጥያቄ ይሁን፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ የአንድ ተማሪ ውጤት ቢቀየር፣ የቀየረው ማን እንደሆነ አሳዩ። ተማሪዎቹ ማሳየት ካልቻሉ፣ እንዲቻል አድርገው ይመረቁ። ኮሌጁ ጥያቄውን ከፈራው ደግሞ፣ ባነሩ ላይ ያለው ሰውዬ ፊቱን የሸፈነው ለምን እንደሆነ ገባኝ ማለት ነው።