የሚጠበቅ ቅርስና የሚጣል ልማድ

እ.ኤ.አ. በ2014 ሕንድ ያመጠቀቻት መንኩራኩር በመጀመሪያው ሙከራ ማርስን መዞር ጀመረች። በዚያን ዕለት በባንጋሎር ከተማ የጠፈር ምርምር ድርጅቱ ሴት ሠራተኞች በደስታ ሲተቃቀፉ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በብዙ አገሮች ጋዜጦች ወጣ። ሴቶቹ የለበሱት ደማቅ ሳሪ ነበር፤ በጸጉራቸውም ላይ አበባ ሰክተዋል። ሳሪ መርፌ ሳይነካው በገላ ላይ የሚጠቀለል ረጅም ጨርቅ ሲሆን ከቅድመ አያቶቻቸው የወረሱት ልብስ ነው። ሥልጣኔ የሚገኘው የራስን በመጣል ነው ለሚል ሰው ይህ ፎቶግራፍ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ሕንዳዊነት አንድ ቋንቋ፣ አንድ ሃይማኖት ወይም አንድ ዓይነት ምግብ አይደለም። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት 22 ቋንቋዎችን በስም ይዘረዝራል። በአንዲት የሩፒ ኖት ላይ የገንዘቡ መጠን በ17 ቋንቋዎች ተጽፎ ይታያል። በሰሜን የስንዴ ቂጣ፣ በደቡብ ሩዝ የዕለት ምግብ ነው። ይህን የመሰለ ሀብት ለባዕድ ወግ ሲል የሚጥል ሰው «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የተባለላትን ሴት ይመስላል።

ይሁን እንጂ ከአባቶች የተወረሰ ሁሉ ቅርስ ነው ማለት አይደለም። በሕንድ «ዳሄጅ» የሚባል የጋብቻ ልማድ አለ። በእኛ አገር ጥሎሽ የሚያመጣው ሙሽራው ነው። በዳሄጅ ግን ከፋዮቹ የሙሽራዪቱ ወላጆች ናቸው። ወርቁ፣ ጥሬ ገንዘቡ፣ የቤት ዕቃው፣ አንዳንድ ጊዜም መኪናው ለወንዱ ቤተሰብ ይሰጣል። ድሀ አባት ሴት ልጅ ስትወለድለት ስለሚገባበት ዕዳ ማሰብ ይጀምራል። የተጠየቀው ሳይሟላ ሲቀር ሙሽራዪቱ በባሏ ቤት ትሰደባለች፣ ትደበደባለች፤ ሕይወቷን የምታጣም አለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ በዚህ ምክንያት የሞቱ ከ6,000 በላይ ሴቶች በመንግሥት መዝገብ ሰፍረዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ትምህርት ይህን ልማድ አለማጥፋቱ ነው። እንዲያውም ሙሽራው ሐኪም፣ መሐንዲስ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ከሆነ የሚጠየቀው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይጨምራል። ወጣቱ ዲፕሎማውን ይዞ ሲመለስ ለገበያ እንደ ቀረበ ሰንጋ ዋጋ ይቆረጥለታል። ልብን ያልለወጠ ዕውቀት አሮጌውን ልማድ በአዲስ ዋጋ ከመሸጥ አያልፍም።

«ዳሄጅ የሴት ልጅ የውርስ ድርሻ ነው» ብለው የሚከራከሩ አሉ። ቀድሞ ሴት ልጅ ከአባቷ ርስት በማትካፈልበት ጊዜ ይህ ክርክር ጥቂት እውነት ሳይኖረው አልቀረም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2005 የተሻሻለው የሂንዱዎች የውርስ ሕግ ሴት ልጅ በቤተሰቡ ንብረት ላይ ከወንድሟ ጋር እኩል መብት እንዳላት ደንግጓል። ደግሞስ ዳሄጅ የእርሷ ድርሻ ከሆነ ስለ ምን በእጇ አይገባም? የባሏ ወላጆችስ ስለ ምን ይደራደሩበታል?

ዳሄጅ መስጠትም ሆነ መቀበል እ.ኤ.አ. በ1961 በሕግ ተከልክሏል። ሰጪውም ተቀባዩም «ስጦታ ነው» ካሉ ግን ዳኛው ከየት ማስረጃ ያገኛል? ሕጉ ብቻውን ሲቀር ነገሩ ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ይሆናል። ለሕጉ ሕይወት የሚሰጡት «አልቀበልም» የሚል ሙሽራ፣ «ልጄን በገንዘብ አልድርም» የሚል አባትና «ዋጋ የሚጠይቅብኝን አላገባም» የምትል ልጃገረድ ናቸው።

«የአባቶቹን ልማድ የተወ ሕንዳዊነቱን ተወ» የሚሉ ሰዎች ዶክተር ቢምራኦ አምቤድካርን ያስታውሱ። አምቤድካር እ.ኤ.አ. በ1891 ሌላው ሕዝብ «አይነኬ» እያለ ከሚያርቀው ወገን ተወለዱ። በልጅነታቸው በትምህርት ቤት የውኃውን ዕቃ እንዳይነኩ ተከልክለው ነበር። ካደጉ በኋላ ግን የሕንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ በሊቀ መንበርነት መሩ። እ.ኤ.አ. በ1950 የጸናው ይኸው ሕገ መንግሥት አይነኬነትን ሻረ። አምቤድካር ልማዱን የተቃወሙት አገራቸውን ጠልተው አይደለም፤ አገራቸው ለሁሉም ልጆቿ እናት እንድትሆን ፈልገው ነው።

እንግዲህ ሳሪውንም ዳሄጁንም ያወረሱት አባቶች እነዚያው ናቸው። መለየት የወራሹ ፈንታ ነው። በእኔ አስተያየት መለያው አንድ ነው፤ ሰውን የሚያስከብረው ይጠበቅ፣ ሰውን የሚያዋርደው ይጣል። በሕንድ ከተሞችና መንደሮች የሚያድገው ወጣት ይህን መለያ በሌላው ላይ ሳይሆን በራሱ ሠርግ ቀን ቢሠራበት፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተጻፈው ሕግ ያን ጊዜ ከወረቀት ወደ ቤት ይገባል።