አገዳ ቆሻሻ አይደለም

ሰሞኑን በመካከላችን የሚወራው ቆሻሻን ወደ ጋዝ ለውጦ የኤሌክትሪክ ኀይል ስለ ማመንጨት ነው። አንዱ ባልንጀራችን «መሣሪያውን ከሚሴ ላይ ብንተክለው ቆሻሻውም ይጠፋል፤ መብራቱም ይበራል» ባለ ጊዜ ሁላችንም አጨበጨብን። ኋላ ግን ነገሩን ስናሰላስለው በጭብጨባችን አፈርን። ምክንያታችንን እነሆ።

በመጀመሪያ፣ ማቃጠልና ወደ ጋዝ መለወጥ አንድ አይደሉም። ደረቅ እንጨት ወይም አገዳ በደንብ ለመንደድ በማይበቃው ጥቂት አየር ውስጥ ከ700 ዲግሪ በላይ ሲግል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን ያለበት ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙም ከቅጥራኑ ሲጣራ ሞተር ያዞራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤንዚን ያጣችው አውሮፓ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ መኪናዎችን በዚህ ጋዝ ነድታለች። ጥበቡ እንግዲህ አዲስ አይደለም።

በአገራችን የተሠራው ግን ሌላ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ወገኖቻችንን ቀበረ። በዚያው አጠገብ ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ጣቢያ በቀን 1,400 ቶን ቆሻሻ አቃጥሎ በእንፋሎት ተርባይን እንዲያዞር የታቀደ ነበር። ይህን ያህል ቆሻሻ የሚገኘው ሚሊዮኖች ከሚኖሩበት ዋና ከተማ ነው። በደሴ መንገድ ላይ ያለችው ከሚሴ ከየት ታመጣዋለች? የምትጥለውም ቢሆን የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊና የጫት ገራባ የበዛበት እርጥብ ነገር ነው፤ እርጥቡ ደግሞ ሙቀቱን ሁሉ ውሃ ለማትነን ይፈጀዋል።

«እንግዲያው የማሽላውን አገዳ እንጠቀማለን» ይሉናል። በደዋ ጨፋ፣ በአርጡማ ፉርሲና በጅሌ ጥሙጋ ያለውን ገበሬ ጠይቀን ቢሆን ኖሮ በሣቀብን ነበር። አገዳው የከብቱ ቀለብ፣ የጓሮው አጥር፣ የምድጃው ማገዶ ነው። እኛ በመጽሐፍ «ተረፈ ምርት» የምንለው በእርሱ ቤት አልተረፈም። ከላሚቱ አፍ ነጥቆ ለከተማ አምፖል መስጠት ልማት ሊባል ይችላልን?

«የሥልጣኔ ጠላቶች ናችሁ» የሚሉን አይጠፉም። አይደለንም። እኛ የምንለው ሥራው ከሥሩ ይጀመር ነው። ቆሻሻው ከየቤቱ ተለይቶ ይውጣ። እርጥቡ ለባዮጋዝና ለማዳበሪያ ይዋል። ፌስታሉና ፕላስቲኩ ዝናብ ጠርጎ ቦርከና ከመክተቱ በፊት ይሰብሰብ፤ በበጋ የኦሮሞው፣ የአፋሩና የአርጎባው ከብት የሚሰማራው በዚያው ወንዝ ዳር በጨፋ ሜዳ ነውና። ከእንጨት ቤቱ የሚወድቀው ሰጋቱራና ከወፍጮ ቤቱ የሚጣለው ገለባ ፈላጊ ከሌለው፣ ያን ጊዜ ትንሽ የጋዝ መሣሪያ ተተክሎ ይፈተን። አገዳም ካስፈለገ ገበሬው ፈቅዶ፣ ዋጋውንም ተቀብሎ ይስጥ።

የተማርነው ክፍል ትልቁ ሕመማችን መድኃኒቱን ይዘን በሽተኛውን መፈለጋችን ነው። በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ወደ ወሎ የምንወርድ ሁሉ ስለ መሣሪያው ከመስበካችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ «አባባ፣ ከመከሩ በኋላ በእርግጥ የሚጣል ነገር አለዎት?» መልሱን ሰምተን ስንመለስ፣ ያን ጊዜ ብናጨበጭብ አናፍርም።