«ኤስፔራንቶ» ተስፋ ማለት አይደለም

ኤስፔራንቶ የተባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ በተነሣ ቁጥር «ትርጉሙ ተስፋ ማለት ነው» የሚል ማብራሪያ ይከተለዋል። ለችኩል ወግ ይበቃ ይሆናል፤ ቃልን መርምሮ ለሚያነብ የሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ግን አይበቃም። በቋንቋው ሰዋስው ተስፋ «ኤስፔሮ» ነው፤ የቋንቋው መዝሙርም «ላ ኤስፔሮ» ይባላል። «ኤስፔራንቶ» ሌላ ቃል ነው፤ የሚጠራው ተስፋውን ሳይሆን ተስፋ የሚያደርገውን ሰው ነው። ይህ ልዩነት ደግሞ ቀላል አይደለም ባይ ነኝ።

ቃሉ ከመነሻው የቋንቋ ስም አልነበረም። አይሁዳዊው የዓይን ሐኪም ሉድቪክ ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 የመጀመሪያውን መጽሐፍ በዋርሶ ሲያሳትም ቋንቋውን የጠራው «ዓለም አቀፍ ቋንቋ» ብሎ ነበር። በራሱ ስም ፈንታ ግን «ዶክተር ኤስፔራንቶ» የሚል የብዕር ስም አኖረ። ስሙ ከደራሲው ወደ ሥራው የተሻገረው በኋላ፣ በተጠቃሚዎቹ አንደበት ነው። ዛመንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1859 በተወለደባት፣ ያኔ በሩሲያ ግዛት ሥር በነበረችው በቢያሊስቶክ ከተማ፣ አይሁድ፣ ፖላንዳውያን፣ ሩሲያውያንና ጀርመኖች ጎን ለጎን ሆነው በየቋንቋቸው ተከልለው ይኖሩ ነበር። የብዕር ስሙን የመረጠው እንግዲህ እንዲህ ያለ አጥር እያየ ያደገ ሰው ነው።

ቃሉን እንፍታው። «ኤስፔር» ሥሩ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ኦ» ስም ያደርገዋል። በመካከል የገባው «አንት» ድርጊቱን አሁን በመፈጸም ላይ ያለን ባለቤት ያመለክታል። «አንት» በ«ኢንት» ቢተካ «ኤስፔሪንቶ»፣ ማለትም ተስፋ ያደረገ ይሆናል፤ በ«ኦንት» ቢተካ ደግሞ «ኤስፔሮንቶ»፣ ወደፊት ተስፋ የሚያደርግ ይሆናል። በአንዲት አናባቢ ለውጥ ትናንት፣ ዛሬና ነገ ይለያያሉ። ዛመንሆፍ የመረጠው ዛሬን ነው።

ታዲያ ወደ አማርኛ እንዴት እንመልሰው? አስቀድሞ ወደ አፍ የሚመጣው «ተስፈኛ» ነው። አጭር ነው፣ ለስምም ይመቻል። ሆኖም ጊዜን አይናገርም፤ ደግሞም «ይደርሰኛል» ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅን ሰው ሊያስታውስ ይችላል። እኔ «ተስፋ የሚያደርግ» የሚለውን እመርጣለሁ። ቢረዝምም ሁለት በጎ ነገር አለው። አንደኛ፣ አማርኛ ተስፋን ከማድረግ ጋር ያቆራኘዋል፤ በቋንቋችን ተስፋ ይደረጋል፣ ይጣላል፣ ይቆረጣል፤ ሁሉም የሰው ሥራ ናቸው። ሁለተኛ፣ «የሚያደርግ» ስንል ዛሬ የሚያደርገውንም ነገ የሚያደርገውንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ዛመንሆፍ በሁለት ቅጥያ የለየውን አማርኛ አንድ ላይ ይዞታል። ትርጉም ሁልጊዜ ያጎድላል ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የጨመረ ይመስለኛል።

«ስለ አንድ ቅጥያ ይህን ያህል መሟገት ምን ይጠቅማል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። የሚጠቅመው ለፍርድ ነው። ስሙን «ተስፋ» ብለን ከተረጎምነው የተስፋ ቃል ይሆናል፤ የተስፋ ቃል ደግሞ የሚመዘነው በመፈጸሙ ነው። ቋንቋው የዓለም ሁሉ መግባቢያ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1905 በፈረንሳይ ቡሎኝ ሱር ሜር በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም ጉባኤ 688 ሰዎች ተሰብስበው በዚህ ቋንቋ ተነጋግረው ነበር፤ ዛመንሆፍ ግን በ1917 የሞተው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሳያበቃ ነው። ወንድ ልጁ አዳም በ1940 በናዚዎች ተረሸነ። ሴቶች ልጆቹ ዞፊያና ሊዲያ በ1942 በትሬብሊንካ ተገደሉ። በዚህ ሚዛን ሲታይ «ተስፋ» የሚለው ስም መራራ ፌዝ ይሆናል።

ቃሉ ግን ለማንም ምንም ቃል አልገባም። ስለ ዓለም መጨረሻ ሳይሆን ስለ አንድ ሰው አኳኋን ነው የሚናገረው። ሊዲያ ዛመንሆፍ የአባቷን ቋንቋ በአውሮፓና በአሜሪካ እየተዘዋወረች ታስተምር ነበር፤ ከአሜሪካ ወደ ፖላንድ የተመለሰችው በ1938 ነው። ገዳዮቿ የእርሷን ሕይወት አጠፉ፤ ስታስተምር በኖረችባቸው ዓመታት «ኤስፔራንቶ» እንደነበረች ግን ሊያስተባብሉ አይችሉም። ቃሉ በትክክል ሲተረጎም ለእርሷ ይገባታል፤ «ተስፋ» ተብሎ ሲተረጎም ግን የሚነግረን መክሸፉን ብቻ ነው።

ስለዚህ ቃሉን ወደ አማርኛ የምትመልሱ ጸሐፍትና መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ሆይ፣ ያችን «አንት» አትዝለሏት። ሰውዬው ያለው በእርሷ ውስጥ ነው።