ሕገ መንግሥቱን ማን ይተርጉመው?

የኢትዮጵያም የጀርመንም ሕገ መንግሥት ሥልጣንን በፌዴራሉና በክልሎች መካከል ያከፋፍላል። ሙግት ሲነሳ ግን ዳኛቸው ለየቅል ነው።

ጀርመን ዳኝነቱን የሰጠችው በካርልስሩኸ ከተማ ለሚያስችለው የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ነው። 16ቱን ዳኞች የሕዝቡና የክልሎቹ ምክር ቤቶች እኩል እኩል ይመርጧቸዋል፤ ለ12 ዓመት፣ ያለ ዳግም ምርጫ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2023 ይኸው ችሎት የያኔው መራኄ መንግሥት ኦላፍ ሾልዝ ጥምር መንግሥት ለኮሮና የተፈቀደለትን 60 ቢሊዮን ዩሮ የመበደር ሥልጣን ወደ አየር ንብረት ፈንድ ማዛወሩን ውድቅ አደረገ። ጥምር መንግሥቱም በበጀት ጠብ ዓመት ሳይሞላ ፈረሰ።

በ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ተርጓሚው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ መርምሮ ሐሳብ ያቀርባል፤ የመጨረሻው ቃል የብሔር ብሔረሰቦች ተወካዮች ነው። ሰነዱ የእነሱ ቃል ኪዳን ነውና ይህ አመክንዮ አይናቅም።

ፈተናው በ2012 መጣ። ምርጫው በኮሮና ሲራዘም ምክር ቤቱ በትርጉም የሌሎቹን ምክር ቤቶች ብቻ ሳይሆን የራሱንም የሥራ ዘመን አራዘመ። አጣሪ ጉባኤው ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን ፊት ማከራከሩ የሚመሰገን ነው፤ ውሳኔ ሰጪው ግን ባለጉዳይም ነበር። ትግራይ አልቀበልም ብላ በጳጉሜን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ያንንም ሕገ ወጥ ያለው ይኸው ምክር ቤት ነው። ቢያንስ የራሱ ዘመን የሚያከራክር ሲሆን ጉዳዩ ወደ ሌላ ችሎት ሊሄድ ይገባ ነበር።