ደን ልናይ ሄደን ከተማ አንደር

በፋሽጋና በገዳሪፍ አካባቢ ያደገ ልጅ የሚያውቀው ሰፊ ሜዳ፣ ማሽላና ሰሊጥ፣ በክረምትም እግር የሚይዝ ጥቁር ጭቃ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ደን የሚያውቀው ከመጽሐፍ ብቻ ነው። ስለዚህ "መንገዱ ሰላም ሲሆን ካፋ ሄደን ደን እንይ" የሚል ሐሳብ ሲነሣ ተማሪዎች ደስ ይላቸዋል። ወላጆች ግን መጀመሪያ የሚጠይቁት "የት ነው የሚያድሩት?" ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔም መልስ አለኝ፦ ከደኑ አጠገብ፣ ከአካባቢው ሰዎች ዘንድ ይደሩ።

ብዙ ሰው የሚመርጠው በትልቅ ከተማ ጥሩ ሆቴል ይዞ በመኪና ደርሶ መመለስን ነው። ጅማ የሚያድር ቡድን ቦንጋ ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ማታም ያንኑ ይመለሳል። ደኑ ደግሞ የሚነቃው ጎህ ሲቀድ ነው። ወፎቹ የሚንጫጩት፣ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የሚዘለው በማለዳ ነው። በዚያ ሰዓት ልጆቻችን መኪና ውስጥ እንቅልፍ ላይ ይሆናሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጣል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 የካፋን ደን የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ደኑ ግን ሰው የሚኖርበት ነው። ነዋሪው ከዛፎቹ ጥላ ሥር የጫካ ቡና ይለቅማል፣ ኮረሪማ ይሰበስባል፣ ቀፎ ሰቅሎ ማር ይቆርጣል። ዛፉ ቆሞ የሚያበላው ሰው ዛፉን ይጠብቃል። እንግዳ ከእሱ ዘንድ ሲያድር፣ ምግቡን ሲገዛ፣ በእሱ መሪነት ሲጓዝ፣ ዛፉን የሚጠብቅበት ሌላ ምክንያት ያገኛል።

ይህን ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ገዳሪፍም ሜዳዋ ሁሉ እርሻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ የትራክተር እርሻ ሲስፋፋ፣ ሙጫ የሚሰጠው ሐሻብና ሌላው ግራር ለማሽላ ቦታ ለቀቀ። ማሽላው አብልቶናል፤ እርሻውም ለብዙ ወላጆቻችን እንጀራ ሆኗል። ሆኖም ዛፉ ከቆመ ይልቅ ሲቆረጥ የበለጠ ገቢ ካስገኘ፣ ምክር ብቻውን እንደማያድነው አይተናል።

ወላጆች "ገጠር ማደር አደጋ የለውም ወይ?" ይሉ ይሆናል። ወባና ካላዛር ባለበት አገር ልጅ ለሚያሳድግ ወላጅ ይህ ቀላል ስጋት አይደለም። ስለዚህ አንድ መምህር ቀድሞ ሄዶ ቤቱን ይይ። ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ አለ? አጎበር አለ? የሴቶችና የወንዶች መኝታ ተለይቷል? ጤና ጣቢያው ምን ያህል ይርቃል? ጉዞው ዝናቡ ጋብ በሚልበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ይሁን። ቤቱ ይህን ካላሟላ ቦንጋ ከተማ ውስጥ ማደር ይሻላል፤ መሪውና ምግቡ ግን ከመንደሩ ይሁኑ። ቤቱ ካሟላ ግን የቴሌቪዥንና የሙቅ ውኃ አለመኖር ሊያስቀረን አይገባም።

እንግዲህ "የት ነው የሚያድሩት?" ብለን መጠየቃችንን አንተው። "ከማን ጋር? ገንዘባችንስ ማን እጅ ይገባል?" የሚለውን ግን እንጨምርበት።