ቀለሙና ፒኑ
ያገለገለ አነስተኛ ኤክስካቫተር ለሽያጭ ሲቀርብ ገዢው አስቀድሞ የሚያየው አዲስ የተቀባውን ቢጫ ቀለምና ማሽኑ የሠራበትን ሰዓት የሚመዘግበውን ቆጣሪ ቢሆንም፣ ቀለም በአንድ ቀን የሚቀባ፣ ቆጣሪም የሚቀየር ነገር በመሆኑ፣ የማሽኑ እውነተኛ ዕድሜ ይበልጥ የሚነበበው መቆፈሪያው ባኬት ከክንዱ ጋር በተያያዘበት ፒን፣ ማለትም መጋጠሚያውን በያዘው ወፍራም የብረት ዘንግ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከመሬት በጥቂቱ ከፍ ያለው ባኬት ወደ ግራና ቀኝ ሲነቀነቅ፣ ፒኑና ቡሺንግ የሚባለው በዙሪያው ያለ የብረት ቀለበት ተበልተው ከሆነ፣ ወፍራም ግሪስ ክፍተቱን ከዓይን ቢሰውረውም ኳኳታው ከጆሮ አያመልጥም። ይህ ፍተሻ ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ወልድያ ወይም በሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ በመርሳ ለሚሠራ ተቋራጭ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ እውነተኛ ዕድሜው ሳይታወቅ በተገዛ ማሽን ላይ ዘይትን በግፊት እየላከ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው የሃይድሮሊክ ፓምፕ በክረምት መግቢያ ቢበላሽ፣ መለዋወጫው ከሩቅ እስኪደርስ የተቆፈረው መሠረት ውኃ ይሞላበታል፣ የኦፕሬተሩ ክፍያም ይቆጠራል። ስለዚህ የአንድ ማሽን ርካሽነት መመዘን ያለበት በሽያጩ ዕለት በተቀነሰው ብር ሳይሆን፣ ከዚያ በኋላ ያለ ሥራ ቆሞ በሚያሳልፋቸው ቀናት ብዛት ነው።